የጋሼ ዝጉት ነፋስ

አባቴን ሠራተኞቹ እሱ በሌለበት «ጋሼ ዝጉት» ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ብቻ ነው። ስሙን ያወጣችለት እትዬ መቀስ ናት። እሷም መቀስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ክሩን በጥርሷ ስለምትበጥስ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነውና አንዱ በሌላው ሊቀየም አይችልም።

የሚዘጋው መስኮቱ ነው። ፍራሽ ቤታችን አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ በግራና በቀኝ የተደረደሩ መስኮቶች አሉት። የስፌት መኪኖቹ ሲግሉና የጥጡ ብናኝ ሲነሳ አንድ መስኮት ቢከፈት ሁላችንም ነፍስ እንዘራ ነበር። ግን አባባ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ቀና ይልና ፎጣውን አንገቱ ላይ እየጠመጠመ፣ «ዝጉት እንጂ! ማጅራቴን ነፋስ ጨረሰኝ!» ይላል።

ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ፣ «አሁንም አንዱ ክፍት ነው» ይላል።

«ሁሉም ዝግ ነው አባባ።»

«ታዲያ ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከዕድሜ» ትላለች እትዬ መቀስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ እኛም አንገታችንን ደፍተን እንስቃለን።

ለዓመታት እንዲህ ኖርን። የበሩን ስንጥቅ በጥጥ ጠቀጠቅን፤ መስኮቶቹን በላስቲክ ለበጥን። ሐኪም ቤት ወስጄው ቅባት ታዘዘለት፤ ቅባቱን ተቀብቶ ፎጣውን ከላይ ደረበበት። እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ፤ በዚያ ሙቀት ላይ ደግሞ አስቡት። ስንት ጊዜ በሆዴ «ይህ ሰውዬ እሳት ሳይነሳ ቀቅሎ ሊጨርሰን ነው» ብያለሁ።

እሳት የሚፈራበት ምክንያት አለው። ገና ልጅ ሳለሁ የመጀመሪያው ፍራሽ ቤታችን ጥበቃውን እንቅልፍ ጥሎት ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ አባባ ግን ከዚያ ወዲህ የማንንም ዓይንና አፍንጫ አያምንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያሳርር እንኳ ዞሮ ጥጡን ሳያሸት አይቀመጥም። ይህን አዳራሽ ሲይዝ ከስፌት መኪኖቹ በፊት ያስገባው የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ነው።

ቧንቧው ደረቅ የሚባለው ዓይነት ነው። አዳራሹ ማሞቂያ የለውም፤ በብርዱ ወራት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ሆኖ ይረጋል። ጣሪያ ሥር ባለ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ከተቀመጠማ እሱም ረግቶ ብረቱን ይተረትረዋል። ስለዚህ ውሃው በሩ አጠገብ ካለው ትልቅ ቫልቭ ኋላ ሆኖ ይጠብቃል፤ ቧንቧዎቹን የሚሞላቸው የታመቀ አየር ነው፤ አየሩ ቫልቩን ተጭኖ ይይዘዋል። እሳት ተነስቶ ቧንቧው ላይ ከተደረደሩት የውሃ መርጫዎች አንዱ በሙቀቱ ሲፈነዳ አየሩ ይወጣል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ውሃው ይመጣል። አየሩ ሲጎድል የሚሞላ ደግሞ አንድ ኮምፕሬሰር አለ።

እንዴት ያለ መሙላት ነበር! ቡርርር ይላል፣ ያርፋል፤ ገና አረፈ ስንል ቡርርር ይላል። አባባ «ታታሪው» ብሎ ስም አወጣለት። «ሰማሽ? ታታሪው ተነሳ። ከእናንተ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው» ይለኛል። ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት በሰላም የገባለት ሰው ይመስላል። እኛም እናደንቀው ነበር። እንዲህ የሚለፋ ማሽን የት ይገኛል?

አንድ ቀን ጠዋት ታታሪው ተነስቶ ማረፍ አቃተው። ሲያጓራ ቆየና አንዴ አስነጥሶ ዝም አለ። ከሁላችንም በፊት ያሸተተው አባባ ነው፤ «ሽቦ ተቃጠለ!» ብሎ ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ የአየሩን መጉደል የሚናገረው ደወል ተንጫረረ። ቧንቧውን ወደምትከታተልልን ቴክኒሻን ስንደውል፣ «ውሃው ወደ ላይ ሳይወጣ ዋናውን መዝጊያ አዙራችሁ ዝጉት፤ እየመጣሁ ነው» አለች። እትዬ መቀስ እጀታው ላይ ተንጠልጥላ ዘጋችው።

«ዛሬስ ደህና የሚዘጋ ነገር አገኘን» አለች እያለከለከች።

ቴክኒሻኗ ጉንፋን የማይለቃት፣ ዝግ ያለች ሴት ናት። የቀድሞው ጡረታ ወጥቶ ወደ እኛ የተመደበችው በቅርቡ ነው። ኮምፕሬሰሩን ከፍታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ሞተሩ ነዷል። ምትኩ እዚህ አይገኝም፣ መታዘዝ አለበት። ሳምንታት ይፈጃል።»

«እስከዛስ?»

«ቧንቧው ዝግ ነው። ሥራ ካላቆማችሁ በቀር አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይነካ አዳራሹን እየዞረ እሳት ይጠብቃል።»

«እኔ አለሁ» አለ አባባ፣ ገና ሳትጨርስ።

ይህን ነበር የፈራሁት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የአባባን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። እሱ «ትንሽ ደብዘዝ ይልብኛል» ነው የሚለው፤ ነገሩ ግን ከደብዘዝ ካለፈ ቆይቷል። ጨርቁን በጣቱ እየዳሰሰ ይቆርጣል፤ መቀሱ ይንሸራተትና አንዱ ጎን ይጠባል፣ አንዱ ይሰፋል። እሱ ለምሳ ሲወጣ እኔ ጠርዙን አቃንቼ ደግሜ እቆርጥና ትርፉን ከጠረጴዛው ሥር ባለ ጆንያ ውስጥ እወሽቃለሁ። ሠራተኛው በሙሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

በስንት ልመና የቀዶ ጥገና ወረፋ አግኝተን ነበር፤ ቀኑ የሚቀጥለው ሳምንት ላይ ነው። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮታል፤ «ሞራው እየጠጠረ ነው። ይህ ወረፋ ካለፈ ቀጣዩ ከብርዱ ወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዓይንዎ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም።» አባባም እሺ ብሎ ነበር። አሁን ግን ቧንቧው ዝግ ሆኖ ከአዳራሹ ንቅንቅ ሊል ነው?

«የሚጠብቅ ሰው እንቀጥራለን» አልኩት።

«ያኛውም የተቀጠረ ነበር።»

«እኔ እጠብቃለሁ።»

«አንቺ አፍንጫ የለሽም። ድስት ሲያርርብሽ የምነግርሽ እኔ ነኝ።»

«በማያይ ዓይን ምን ልትጠብቅ ነው ታዲያ?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን ብነክሰው ምን ዋጋ አለው? አባባ ፎጣውን አጠበቀ። «እሳት የሚታወቀው በአፍንጫ ነው» አለና ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ዙሩን ጀመረ።

በማግስቱ የጥጥ እስር አደናቅፎት ወደቀ። ማንም ያላየው መስሎት ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ አይቼዋለሁ። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም፤ ሁለቱ ባንዴ ሲመጡብኝ የማደርገውን አላውቅም። ስልኬን አንስቼ ቴክኒሻኗን ጠራኋት፤ ከሰዓት በኋላ መጣች።

«ቧንቧውን በውሃ ሙዪልኝ» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጣት። «ብርዱ ገና ነው። ውሃ ካለበት ማንም መዞር የለበትም፤ አባቴም ለሕክምናው ይሄዳል።»

አፍንጫዋን ጠረገች። «ደረቅ መስመር ውሃ እየሞሉ አይጠቀሙበትም።»

«ለምን?»

«ልክ ስላልሆነ።»

እንዲህ ያለ መልስ ስሰማ የሚያደርገኝን እኔ አውቃለሁ። የአባቴን ዓይን፣ ወረፋውን፣ መውደቁን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መጨረሻ ላይ ድምፄ ተሰበረ፣ በመሰበሩም ተናደድኩ። እሷ በጣቷ አንጓ ቧንቧውን ኳ ኳ እያደረገች ስትሰማኝ ቆየችና «እስቲ ልጠይቅ» ብላ ሄደች። «እስቲ ልጠይቅ» ማለት «እርሺው» ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? ያን ቀን እራቴንም ሳልበላ ተኛሁ።

በነጋታው ግን የዕቃ ሳጥኗን አንጠልጥላ ብቅ አለች። አለቃዋን ጠይቃለች፤ ተፈቅዷል። አሁን የቀረው አባባ ነበር።

«ልጄ» አላት፣ «ይሄ ቧንቧ ደረቅ ተብሎ ነው የተገዛው።»

«ልክ ነዎት አባቴ፣ ደረቅ ሆኖ መኖር አለበት። ሙቀት ሲሆን ውሃ እየሞሉ፣ ብርድ ሲመጣ እያደረቁ ዓመት ከዓመት የሚኖሩ አሉ፤ ቧንቧቸውን ከውስጥ ዝገት በልቶ ጨርሶታል። ትናንት እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«አየር የምንሞላበት የለንም። እንግዲህ ወይ ባዶውን ይቀመጣል፣ ወይ ውሃ ይይዛል። ውርጩ ገና ነው፤ ዕቃው እስኪደርስ ባዶ ከሚሆን ውሃ ቢይዝ ይሻላል። የተፈቀደልኝም ለዚህ ብቻ ነው።»

«ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» አለ አባባ። «ዕቃው ይዘገያል፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ ይረሳል፣ ብርዱ ይመጣል፣ ቧንቧው ይፈነዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ይህን ሲል እኔን ነው የሚያየው፤ ማለቴ እኔ ወዳለሁበት ነው የዞረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለዋል።

ቴክኒሻኗ አልተቆጣችም። «ስጋትዎ እውነት ነው» አለች። «ለዚህ ነው ቫልቩ ላይ ማስታወቂያ የምሰቅለው። ዕቃው ደረሰም አልደረሰ፣ ውርጭ ሳይመጣ ውሃው ይፈሳል። ቧንቧው ዝቅ የሚልባቸው ቦታዎች ላይ ማፍሰሻዎች አሉ፤ ውሃ የሚደበቀው እዚያ ነው። ቆመ ሲሉት ይንጠባጠባል፣ እንደገና ቆመ ሲሉት ይንጠባጠባል። በየአንዳንዱ ሥር ቆሞ የመጨረሻዋን ጠብታ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔ አያለሁ» አለ አባባ።

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። እትዬ መቀስ ብቻ እጇን ወደ ፊቱ ዘረጋች። «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ጣት ነው?»

«ሥራ የሚጠላ ጣት ነው» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ። «በሉ ውሃው ይግባ» አለ በመጨረሻ። «ሕክምናውን ደግሞ አስብበታለሁ።»

«አስብበታለሁ» የአባባ «እስቲ ልጠይቅ» ነው።

ቴክኒሻኗ በአዳራሹ ጥግ ያለውን ማስተንፈሻ ከፍታ ወደ በሩ ተመለሰችና መዝጊያውን በዝግታ አዞረች። መጀመሪያ አየሩ በጥጉ በኩል እያፏጨ ወጣ። ቀጥሎ ጣሪያው ሥር አንድ ነገር ይንጎራጎር ጀመር፤ ከበሩ ተነስቶ በራሳችን ላይ አልፎ እስከ ጥጉ ድረስ ሄደ። ሠራተኛው መኪናውን አቁሞ አንጋጦ ይሰማል። ፉጨቱ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ከዚያ ውሃ ወረደ። ማስተንፈሻውን ዘጋችው።

«አለቀ?» አለ አባባ።

«ጥቂት እንየው» አለች። ይህች ሴት የምትቸኩለው መቼ ይሆን?

አባባ ወደ ቦታው ወጣ። የመቁረጫ ጠረጴዛው ያለው ከወለሉ ከፍ ባለ የእንጨት መድረክ ላይ ነው፤ ቧንቧው እዚያ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፎጣውን አስተካከለ፣ መቀሱን አነሳ። ወዲያው እጁን ማጅራቱ ላይ አሳረፈ።

«ማነው የሚረጨኝ?»

እኛ ዞረን እርስ በርስ ተያየን።

«ቀልድ አልወድም! ማነው?»

ሮጬ ወጣሁ። ከቧንቧው መገጣጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ወፈረችና ወረደች፤ ልክ ፎጣው ከአንገቱ ፈንጠር በሚልበት ቦታ ላይ አረፈች። ሌላዋ ተከተለቻት።

ቴክኒሻኗ ከኋላዬ መጥታ አንጋጠጠች። «እህ» አለች። «ኮምፕሬሰሩን የገደለው ይሄ ነው። እንዲሁ በዋዛ እንደማይነድ ጠርጥሬ ነበር፤ አየሩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ግን ቀዳዳው የት እንዳለ በምን ይታወቃል? ስንት ዓመት ሲያፈስ ኖሯል። እናንተ ታታሪ የምትሉት ምስኪን እኮ የሚሞላው ስለማይሞላለት ነው ሲለፋ የኖረው።» ከዚያ ወደ አባባ ጎንበስ ብላ፣ «አባቴ፣ እዚህ ሲቀመጡ ነፋስ አይመታዎትም ነበር?» አለችው።

መጀመሪያ የፈነዳችው እትዬ መቀስ ናት። ጥጡ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። መስኮት ዘግተን፣ በር ጠቅጥቀን፣ በላብ ተጠምቀን የሸሸነው ነፋስ ከገዛ ቧንቧችን ይወጣ ነበር! «ጋሼ ይቅር ይበሉኝ!» ትላለች እትዬ መቀስ፤ «ዕድሜ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይሄ አፌ ይቆረጥ!»

«ነግሬያችሁ ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢልም ያምርበታል። እሱ ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ ላይ ሰቅሎ «የቱ ጋ ነው?» አለ።

«እዚህ፣ መገጣጠሚያው ላይ» አለች ቴክኒሻኗ። «ዝገቱ ቡናማ ሆኖ ወርዷል፣ ከታችም ይታያል።»

«የቱ ጋ?»

ከወንበሩ አስነስቼ እጁን ወደ ላይ አነሳሁና ጣቱን ዝገቱ ላይ አሳረፍኩት። ዳሰሰው። ቀኑን ሙሉ ከሥሩ የሚቀመጥበት፣ ነፋሱን ፍለጋ ስንት ጊዜ ያንጋጠጠበት ቦታ ነው። እኛ ዓይን እያለን በእሱ ስንስቅ አንድም ቀን ቀና ብለን አላየንም። እሱ ቀና ይል ነበር።

«አይታየኝም» አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ ቆመ። ውሃው በእጁ አንጓ በኩል ወደ እጅጌው ይገባል፤ እጁን ግን አላወረደም።

«ልጄ፣ ምንም አይታየኝም» አለ ዳግመኛ፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ። «በቀጠሮዬ ውሰጂኝ።»

አቀፍኩት፤ ሁለታችንም ረጠብን።

ቴክኒሻኗ ውሃውን አፍስሳ መገጣጠሚያውን ቀየረችና እንደገና ሞላችው። በዚህኛው ዙር አንድም ጠብታ አልታየም። እትዬ መቀስ ማንንም ሳታስፈቅድ ላስቲኩን እየገነጠለች መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። የጥጡ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ እየተንሳፈፈ ወደ ውጭ ሲወጣ አየነው። አባባም «ዝጉት» አላለም። ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ታታሪው ባይሞትብን ኖሮ እስከ ዛሬም ተዘጋግተን እንቀመጥ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ወሰድኩት። መጀመሪያ አንዱን ዓይን ነው የሠሩለት። ፋሻው ሲፈታ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ምን ይል ይሆን ብዬ አፍ አፉን አየዋለሁ። ዓይኑን ደጋግሞ ጨፈነ፣ ገለጠ። ከዚያ የተኛበትን አንሶላ ገለበጠና «ይህን ፍራሽ የሰፋው ማነው? ስፌቱ ዘሟል» አለ። ነርሷ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። ስቅስቅታዬን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረና ብዙ አየኝ።

«ሸብተሻል» አለኝ።

«ከሸበትኩ ቆየሁ።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ምን ብለን እንንገርህ?»

ፀጉሬን በእጁ ነካ አደረገው። «ያምርብሻል» አለ። ውሸቱን ነው፤ ደስ ግን አለኝ።

ዕቃው ሲደርስ ብርዱም እያንዣበበ ነበር። ቴክኒሻኗ መጣች፤ አዲሱን ኮምፕሬሰር ከመግጠሟ በፊት ውሃው መፍሰስ ነበረበት። አባባ ባልዲና የእጅ ባትሪ ይዞ ከአንዱ ማፍሰሻ ወደ ሌላው ዞረ። ውሃው ዝገት ይዞ ቀይ ሆኖ ወረደ፣ ቀጥሎ ቀጠነ፣ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ቆሟል አባቴ» ትላለች እሷ።

«ገና ነው።»

«ቆመ እኮ።»

«አንዲት አለች። ይቺውልሽ፣ እየወፈረች ነው። ይቺውልሽ… ወረደች። ምን አልኩሽ?»

እዚህች ሴት ፊት ላይ ችኮላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ተደብቄ ሳቅኩባት። የመጨረሻው ማፍሰሻ ሥር አባባ ብዙ ቆሞ ከጠበቀ በኋላ ባትሪውን አጠፋና «አሁን ደርቋል» አለ፤ እሷም ማስታወቂያውን ከቫልቩ ላይ አወረደችው።

አዲሱ ኮምፕሬሰር ተገጠመ። ቡርርር ብሎ ቧንቧዎቹን አየር ሞላቸውና አረፈ። የሚያፈስ ካለ ብለን በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባን፤ አንዱም አልፈላም። አባባ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። ምንም የለም። ተነስቶ ሄዶ ማሽኑን በእጁ ዳሰሰው።

«ሞተ እንዴ?»

«ጤነኛ ነው» አለች ቴክኒሻኗ። «የሚያፈስበት ስለሌለ ያርፋል።»

አባባ ቅር እያለው ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ጠመኔው ወድቆበት ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ጆንያውን አገኘው። መጣል ነበረብኝ፤ በግርግሩ ረስቼዋለሁ። ከውስጡ አንዱን ቅዳጅ መዘዘ፣ ሌላውን መዘዘ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሁሉም አንድ ጫፋቸው ሰፊ፣ አንድ ጫፋቸው ሹል ነው።

«ይህን ያጣመመው ማነው?» አለ በቁጣ። «ዓይን የለውም?»

የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። እትዬ መቀስ ክር በጥርሷ እንደያዘች ቀረች። አባባ ቅዳጆቹን አየ፣ መቀሱን አየ፣ እኔን አየ። ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት፤ ምነው ባላየሁት አልኩ።

«በየቀኑ?» አለኝ።

«ለምሳ ስትወጣ።»

«ስንት ዘመን?»

ከጆንያው ውስጥ አንድ እፍኝ አንስቶ መዘነው፤ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ለካ ታታሪዎቹ ሁለት ነበሩ» አለ። «አንዱን ገደልነው። አንቺ ነገ እንዳትመጪ። ከነገ ወዲያም እንዳትመጪ። ተኝተሽ ዋይ።»

«ሥራውስ?»

«እኔ የለሁም? ይኸው አያለሁ።» እኔ ደግሞ ለወትሮው ለእያንዳንዱ ቃል መልስ የማላጣ ሰው፣ እሺ ብቻ አልኩ።

በዚህ መሃል ብርዱ በተከፈቱት መስኮቶች ገብቶ አዳራሹን ሞላው። ጣታችን እየደነዘዘ መርፌ መያዝ አቃተን። እትዬ መቀስ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ መድረኩ ወጣች። አባባ እዚያ መስኮቱ ፊት ቆሟል። ውጭ መንገዱ ላይ አንድ ተሸካሚ የእኛን ፍራሽ ራሱ ላይ ጭኖ ይሄዳል፤ አባባ ሰውየው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ የፍራሹን ሰማያዊ መስመሮች በዓይኑ ተከተላቸው። ፎጣው አንገቱ ላይ አልነበረም።

«ጋሼ» አለችው እትዬ መቀስ እየተንቀጠቀጠች፣ «አሁንስ እውነተኛው መጣ። ልዝጋው?»

«ተዪው።»

«ኧረ ነፋስ ይመታዎታል!»

«ይምታኝ» አለ አባባ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እስቲ እያየሁ ይምታኝ።»